አረንጓዴው ድንጋይና ሽበታሙ ድንጋይ

ፍኖተ ሰላም፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከቤቴ የወጣሁት በኅዳር ወር መጀመሪያ ነው። ጉዳዬ አንድ ብቻ ነበር፤ የባለቤቴን መቃብር በሲሚንቶ ማሳሰር። ባለቤቴ መምህር አያሌው ካረፈ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። የተቀበረው እንደ ቃሉ በተወለደበት ገጠር፣ ከቡሬ ማዶ በሚገኘው ሚካኤል ነው። የደብሩ ሰዎች የፈረሰውን የቤተ ክርስቲያን አጥር እንደገና በድንጋይ ሊሠሩ ተስማሙ። ድንጋይ ከሩቅ ከማጋዝ ብለውም፣ ባለቤት ያልቀረበበትን የመቃብር ድንጋይ ሁሉ ለአጥሩ ሊያውሉት ወሰኑ። የመጨረሻው ቀን ይህ ቅዳሜ ነበር።

የነገረኝ የአያሌው ታናሽ ወንድም ምትኩ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ደወለ፤ ድምፁ ሦስት ጊዜ ተቆርጦ ሦስት ጊዜ መጣ። «እትየ፣ ሲሚንቶም ገዝቻለሁ፣ ግንበኛም ይዣለሁ፤ እርስዎ የሚጻፈውን ስምና ዘመን ብቻ ይዘው ይምጡ» አለኝ። መቃብሩን ታውቀዋለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው ስልኩ ለአራተኛ ጊዜ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ኔትወርኩን ነበር የረገምኩት።

እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ እዚያ የሄድኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በቀብሩ፣ በአርባው፣ በሙት ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴን፣ መንገዱን፣ ክረምቱን እያመካኘሁ ስድስት ዓመት አለፈ። መቃብሩን የማስታውሰው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከግርጌው የነበረው ትልቅ ጥድ፣ ሁለተኛው ከራስጌው ያስቀመጥነው ድንጋይ።

የክርስትና ስሙንና የልደት ቀኑን የጻፈበትን ደብተር ከሣጥኑ አወጣሁ። በሕይወቱ ሳለ ይህን ደብተር ሳየው ደሜ ይፈላ ነበር። የባዮሎጂ መምህር ነበርና ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሁሉ እየለካ የሚመዘግበው እዚህ ላይ ነው። ሠንጠረዥ አለው፤ ቀን፣ ቦታ፣ ስፋት፣ የለካው ሰው። «የለካው ሰው» በሚለው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች የራሱን ስም ጽፏል። ሌላ ማን ሊለካልህ ነው ብዬ ስስቅበት፣ ሠንጠረዥ ባዶ ዓምድ አይወድም ይለኝ ነበር። ደብተሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ።

በመናኸሪያው «ቡሬ አንድ ሰው! ቡሬ አንድ ሰው!» የሚለው ረዳት አንድ ሰው የቀረው አስመስሎ ካስገባኝ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀመጠን። የቀረው አንድ ሳይሆን ሰባት ሰው ነበር። ስንነሣ ደግሞ ከወንበሩ በላይ አምስት ትርፍ ጫነ። ትራፊክ በታየ ቁጥር «ትርፎች፣ ዝቅ በሉልኝ» ይላል፤ አምስቱም በጉልበታችን መካከል ይደፋሉ። አንዱ ጢማም ሰውዬ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አሳርፎ፣ ይቅርታ እናቴ፣ አገር ሰላም እስኪሆን ነው አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ማንኩሳ

ማንኩሳ ስንደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ብቻዬን ተናደድኩ። ከብዙ ዓመት በፊት አውቶቡሱ እዚህ ጎማ ሊቀይር ቆሞ ሳለ፣ አያሌው ከመንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ሊያይ ወረደ። ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ተንበረከከ። ጎማው ተቀየረ፣ ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ እሱ አይሰማም። ልጠራው ወረድኩ። አውቶቡሱ ሁለታችንንም ጥሎን ሄደ፤ ወንበር ሥር ያስቀመጥኳት ዶሮዬም አብራ ሄደች።

ያን ቀን ሌላ መኪና እስኪመጣ ድረስ በፀሐይ ተቀምጬ የሰማሁት ትምህርት ነው ዛሬም ድረስ ያለኝ። እኛ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሁሉ የድንጋይ ሽበት ብለን እናልፋለን። እሱ ግን ሁለቱን አትቀላቅይ ይላል። አረንጓዴውና እንደ ምንጣፍ የሚለሰልሰው ሞስ ነው። እውነተኛ ተክል ነው፤ በጣም ትንንሽ ግንድና ቅጠል አለው። ጥላና እርጥበት ይወዳል፣ ውኃ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፣ አንድ ሁለት ክረምት ካገኘ ድንጋዩን ያለብሰዋል። በጥፍር ሲጭሩት ከነአፈሩ ይነሣል። ግራጫው፣ ነጣ ያለው፣ አንዳንዴም ብርቱካን የሚመስለው ክብ ክብ ነገር ደግሞ ላይከን ነው። እሱ ተክል አይደለም። ሁለት ፍጥረት አንድ ላይ ሆነው የሚኖሩበት ነው፤ አንዱ የእንጉዳይ ዘመድ የሆነ ፈንገስ፣ ሁለተኛው አልጌ። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ ድንጋዩን ጨብጦ ይይዛል፤ አልጌው ከፀሐይ ምግብ ያበስላል። ፀሐዩ ሲበረታ ደርቆ ይተኛል፣ ካፊያ ሲነካው ይነቃል። በዓመት የሚያድገው ዓይን የማያየውን ያህል ነው።

«ታዲያ እኔ የትኛዋ ነኝ?» አልኩት፤ ዶሮዬ በዐይኔ ላይ ነበረች።

«የምታበስለው» አለኝ፣ ሳያፍር።

«እንዲያማ ከሆነ ፈንገሱ ድንጋዩን ጨብጦ እዚሁ ይቅር» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እስኪመሽ አላናገርኩትም። አሁን ያንን ግማሽ ቀን መልሶ የሚሰጠኝ ባገኝ አሥር ዶሮ እሰጥ ነበር።

ቡሬ፣ አራት ሰዓት

ቡሬ በርበሬ በርበሬ ትሸታለች። ወቅቱ ነው፤ ጆንያው በየሱቁ ደጃፍ ተከምሯል። ወደ ገጠሩ የሚሄደው አይሱዙ እስኪሞላ ከመናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይና አንድ ፓስቲ ሦስት ብር አሉኝ፤ ፓስቲው የትናንት ነው። ሻይ የምታቀርበው ሴት ጥቁር ልብሴን አየችና ማን ሞቶብዎት ነው አለችኝ። ባሌ አልኳት። መቼ አለች። ሰባት ዓመቱ ሊሆን ነው አልኳት።

«እሱማ ቆየ» አለችና ብርጭቆውን አንሥታ ሄደች።

በመንገድ ሁሉ ሳላምጠው የሄድኩት ይህንን ነው።

አይሱዙው ላይ ከሹፌሩ ጎን ቦታ ሰጡኝ፤ ዕድሜዬን አይተው ነው፣ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ከእግሬ ሥር የበርበሬ ጆንያ ነበረና እስከምወርድ ድረስ አስነጠሰኝ። ሹፌሩ በየንጥሻዬ ይማርዎት ይማርዎት ሲል ቆይቶ በመጨረሻ ሰለቸውና ሬዲዮ ከፈተ። ስለ ልማት ስብሰባ ይወራ ነበር። የበቆሎው ማሳ ተሰብስቦ አገዳው ብቻ ቆሟል፣ ኑጉ ቢጫውን እያራገፈ ነው፤ ከፍ እያልን ስንሄድ ገብስና ስንዴ ተተካ። አገሩ ያምራል። የማየት ስሜት ግን አልነበረኝም።

የእግር መንገድ

መኪናው ከሚቆምበት ገበያ ምትኩ በቅሎ ይዞ ጠበቀኝ። ጉልበቴን ስሞ፣ የልጆቼን ደኅንነት ጠይቆ፣ በቅሎዋ ላይ አወጣኝ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ምትኩ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ከወንድሙ ጋር ሲገናኙ ቤቱን በወሬ የሚሞላው እሱ ነበር። አሁን ልጓሙን ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላም አይዞርም። ስለ እህሉ ጠየቅኩት፤ እግዜር ይመስገን አለ። ስለ ሚስቱ ሕመም ጠየቅኩት፤ ተሽሏታል አለ። ጥዱ ደህና ነው ወይ አልኩት። ጥዱማ በካቻምናው ክረምት ወደቀ እኮ እትየ አለኝ።

ከበቅሎዋ ልወድቅ ነበር። ለምን አልነገርከኝም ስለው ኔትወርክ የለም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ።

ሚካኤል፣ ሰባት ሰዓት

ግቢው ተራቁቷል። ጥዱ የነበረበት ጉቶ ብቻ ቀርቷል፤ ጥላው ስለሄደ ቦታው ሁሉ ሌላ አገር መሰለኝ። አጥሩ የሚሠራበት ድንጋይ በአንድ በኩል ተቆልሏል። በመቃብሮቹ መካከል ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ድንጋዮች ለአጥሩ እንዲነሡ በኖራ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ግንበኛው ሽባባው ሲሚንቶውን አቡክቶ በአካፋው እያገላበጠ ይጠብቀናል፤ ሲሚንቶው የሚፈስበትን ሣንቃም በአንድ ድንጋይ ዙሪያ አቁሟል።

«ይኸውልዎት» አለ ምትኩ። ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ለብሷል። «ሰባት ዓመት እንዲህ አድርጎ አለበሰው።»

ቀርቤ ነካሁት። ይለሰልሳል። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እንደ ምንጣፍ ተገሽልጦ ከነአፈሩ ተነሣ። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ንጹሕ ነው፤ አንዲት ግራጫ ክብ የለበትም።

እኛ ያስቀመጥነው ድንጋይ እንዲህ አልነበረም። ያ ድንጋይ ከእነ አያሌው አባት ግቢ የመጣ ነው። አያሌው በየፋሲካው ወላጆቹን ሊጠይቅ ሲመጣ የሚለካው እሱን ነበር፤ በግቢው በነበረበት የአፈር ልክ ከራስጌዬ ትከሉልኝ ብሎ የተናዘዘውም እሱን ነው። ላዩ ሁሉ ላይከን ነበር፤ ሦስት ክቦች፣ ከእነሱም ጎን ጆሮ የሚመስል አንድ ግራጫ።

«ይህ አይደለም» አልኩ።

ሽባባው በትህትና፣ እማማ ሲሚንቶው እየደረቀ ነው አለኝ። ሽበት ሽበት ነው፣ ድንጋይ ያበቅላል፣ ይረግፋል፣ ሌላ ያበቅላል አለ። አይረግፍም አልኩት፤ የእኔ ሰው በጥፍሩ ሊያነሣው ሲታገል ጥፍሩ ነው የረገፈው። እንግዲህ እንደሚያውቁ አለና አካፋውን ተመረኮዘ።

ወደ ምትኩ ዞርኩ። ዐይኑን ጉቶው ላይ ተክሎ ቆሟል። ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ ከአፉ የወጣው። ጥዱ ሲወድቅ ግንዱን ጎትተው ሲያወጡ ከሥሩ የነበሩት ድንጋዮች ተገለባበጡ። የደብሩ ጎረምሶች መልሰው ሲያስቀምጡ ሽማግሌዎች ከላይ ቆመው ይዳኙ ነበር፤ ዳኝነታቸውም በጣም አረንጓዴ የለበሰው በቆየው ሬሳ ላይ፣ ራሰ በራ የሚመስለው በቅርቡ በሞተው ላይ ይሁን የሚል ነበር። ልክ ግልብጡን። ምትኩ በዚያ ሳምንት ሚስቱን ለሕክምና ቡሬ ወስዶ ነበር። ሲመለስ የወንድምህ ይህ ነው አሉት። እሱም ተቀበለ።

«ተጠራጥሬ ነበር እትየ» አለኝ። «ግን የወንድሜን መቃብር አላውቀውም ብዬ ለማን ልናገር? በየወሩ በሚካኤል እዚህ መጥቼ ፍትሐት አስፈታለሁ። ይህ ካልሆነ ሁለት ዓመት ማን ላይ ቆሜ ሳለቅስ ከረምኩ?»

በጥፊ ልለው እጄ ተነሥቶ ነበር። ስድስት ዓመት ያልመጣች ሴት በየወሩ የመጣን ሰው በምን እጇ ትመታዋለች? እጄን መልሼ ደብተሩን አወጣሁ።

በመጨረሻው ገጽ ላይ አያሌው ጥርት ያለ የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ አጣብቋል። ከመሞቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ፋሲካ ላስቲኩን ድንጋዩ ላይ ዘርግቶ ሦስቱን ክቦችና ጆሮውን በእስክርቢቶ ዳር ዳሩን ተከትሎ ሥሏቸው ነበር። ላስቲኩን ላጥኩና በየድንጋዩ እየዞርኩ ማስተያየት ጀመርኩ። ጉልበቴ ያቃስታል፣ ሽባባው ሲሚንቶው ላይ ውኃ ጠብ ያደርጋል፣ ምትኩ እንደ ጥላ ይከተለኛል። አንዱ ድንጋይ አረንጓዴ፣ ቀጣዩም አረንጓዴ። ከጉቶው ሰባት ስምንት እርምጃ ያህል ላይ፣ ፀሐይ የሚመታው ቦታ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል። በላዩ የኖራ መስቀለኛ ምልክት አለ። ለአጥር የተባለ ነው።

ከኖራው ሥር ግራጫ ጆሮ አየሁ።

ላስቲኩን አለበስኩት። ሦስቱ ክቦች በሦስቱ ክቦች ላይ ዐረፉ፤ ጆሮው በጆሮው ላይ። የእስክርቢቶው መስመር ዙሪያውን ትንሽ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ድንጋዩ ላይ ያለው ላይከን ከመስመሩ በአንድ የገብስ ፍሬ ስፋት ወጥቷል። እሱ ከሞተ ወዲህ ያደገው ያቺን ታክላለች። ተቀመጥኩ።

እንድቀመጥ ያልፈቀደልኝ ግን ምትኩ ነበር። ቀስ ብሎ፣ ድንጋዩስ ይሁን እትየ፣ ግን እሱም ተነሥቶ እዚህ ተጥሎ ከሆነስ አለኝ። ልክ ነው። ድንጋይ ማግኘትና ሰው ማግኘት አንድ አይደለም። ብቻ በዚያ ሰዓት ልክ የሆነ ሰው ሁሉ ያናድደኝ ነበር።

ያን ጊዜ ጭቅጭቁን የሰሙት ቄሰ ገበዙ አባ ፈንታ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው መጡ። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት፣ አያሌውንም ሲቀበር የፈቱት እሳቸው ናቸው። መስቀል አሳለሙኝና ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ቀብሩ ከጥዱ ወደ ፀሐይ መግቢያ፣ ወደዚህ እንደነበር አስታውሳለሁ፣ ስንት እርምጃ እንደሆነ ግን አልምልም አሉ።

እኔም የማንኩሳውን ትምህርት አሰብኩ። ላይከን ብርሃን ይፈልጋል፤ የሚያበስለው አልጌ ያለ ፀሐይ አያበስልም። እንግዲህ አፈር ውስጥ ባለው የድንጋዩ ክፍል ላይ ሊኖር አይችልም። ድንጋዩ ከቦታው ካልተነቃነቀ ላይከኑ ልክ አፈሩ ጋ ማቆም አለበት። ከተነቃነቀ ግን ወሰኑ ይዛነፋል፤ ወይ አፈር ውስጥ ገብቶ ይገኛል፣ ወይ ባዶው የድንጋይ ገላ በአየር ላይ ይቀራል።

ምትኩ ተንበርክኮ ዙሪያውን በጣቱ ጫረ። ከአፈሩ በላይ ያለው ጎን ሁሉ ግራጫ ነው፤ ከአፈሩ በታች ባዶ። ወሰኑ በአራቱም ጎን እንደ ውኃ ልክ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ማንም ሳያዘው ወደ አረንጓዴው ድንጋይ ሄዶ ሣንቃውን አነሣና ድንጋዩን ገለበጠው። በሆዱ በኩል፣ አፈር ውስጥ በተቀበረው ላይ፣ የሞተ የላይከን ርዝራዥ ክብ ክብ ሆኖ ቀርቷል። ገልብጠው ተክለውት ነበር። አረንጓዴው የሁለት ክረምት ነው፤ ያን ጊዜ ራሰ በራ መስሎ የአያሌው የተባለውም ለዚህ ነው።

ሽባባው እንኳ ስለ ሲሚንቶው አላነሣም።

«አባቴ፣ በዚያኛው ላይ የተጸለየው ሁሉ ታዲያ ወዴት ሄደ?» አለ ምትኩ።

«በስሙ ጸለይን እንጂ በድንጋዩ አልጸለይንም» አሉ አባ ፈንታ። «ደግሞ እዚያ ያለው አስታዋሽ ያጣ ሰው ነበር። የወንድምህን ዕጣን ሁለት ዓመት ተካፈለ። አያሌው ስስታም ነበር?»

ምትኩ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያም ትከሻውን ያዝኩት። አረንጓዴውን ድንጋይ ወደ ቦታው መለሰና አባ ፈንታን ለአጥር እንዳይነሣ ለመናቸው። ባለቤቱ እኔ ነኝ በሉ አላቸው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሽባባው ሣንቃውን አዛውሮ፣ የቀረውን ሲሚንቶ አመጣና፣ ስሙ ሳይጻፍ በፊት እንዲያምር ብሎ የሽቦ ብሩሽ አወጣ። ድንጋዩን ሊፍቀው ነው። በእሱ ቤት ክብር መስጠቱ ነው። ከድንጋዩና ከብሩሹ መካከል ገብቼ ቆምኩ። ኖራውን በውኃና በነጠላዬ ጫፍ ራሴ አጠብኩ፣ ሌላው ባለበት ይቀራል አልኩት። «ከነቆሻሻው ነው የሚቀረው?» አለኝ። አዎን፣ ከነቆሻሻው አልኩት። ስሙን ከግርጌው በሲሚንቶው ላይ ጻፈ፤ ከክርስትና ስሙ ከ«ወልደ ሥላሴ» አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ተሳሳተና አስደመሰስኩት።

ከመነሣቴ በፊት ላስቲኩን መልሼ ዘረጋሁና በአያሌው መስመር ዙሪያ በራሴ እስክርቢቶ አዲስ መስመር ሣልኩ።

ፍኖተ ሰላም፣ እሑድ ከሰዓት

በምትኩ ቤት ዐድሬ፣ ቅዳሴ አስቀድሼ ተመለስኩ። በመመለሻዬም በርበሬ ነበር፤ ትርፍ ሰው ነበር፤ ማንኩሳ ላይ ደግሞ ጎማ ፈነዳ። ወርጄ ከመንገዱ ዳር ያሉትን ድንጋዮች አየሁ። የዚያን ቀኑ የትኛው እንደነበር አላወቅኩም። ረዳቱ፣ እናቴ ጥለንዎት እንዳንሄድ ሲል ሰማሁትና ፈጥኜ ተሳፈርኩ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ የሚለኝ ቢኖር፣ የተማርኩት ከሃያ ዓመት በፊት ተነግሮኝ ያኮረፍኩበትን ነው። ቶሎ የሚለብሰው ዕድሜን አይናገርም። ሰባት ዓመት ቆየ ላለችኝ የቡሬዋ ሴት የምሰጣት መልስም ቤቴ ስደርስ መጣልኝ፤ ሰባት ዓመት የአንድ ገብስ ፍሬ ስፋት ነው። መልስ ሁልጊዜ የሚመጣው መኪና ከሄደ በኋላ ነው።

ጫማዬን ሳላወልቅ ደብተሩን ገለጥኩ። ከመጨረሻው መስመሩ በታች ቀኑን ጻፍኩ፣ ቦታውን ጻፍኩ፣ ስፋቱን በማስመሪያ ለክቼ ጻፍኩ። አራተኛው ዓምድ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ሠንጠረዥ ባዶ ዓምድ አይወድም።

«የለካው ሰው» በሚለው ሥር፣ ከስሙ ቀጥሎ፣ ስሜን ጻፍኩ።